ከብልቃጡ የሚጀምር ፋርማኮሎጂ፦ የአንድ ሴሚስተር የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎች የዘንድሮውን የፋርማኮሎጂ ትምህርት ዛሬ ጀመርኩ። ወደ መግቢያው ከመሄዴ በፊት ስም የማይጻፍበት አንድ ጥያቄ ሰጠኋቸው። ክብደቱ 3 ኪሎ የሆነ ጨቅላ ሕፃን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ጄንታማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዞለታል፤ በእጃችን ያለው አምፑል (አንገቱ ተሰብሮ የሚከፈት የመርፌ መድኃኒት መያዣ) በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም የያዘ ነው፤ ስንት ሚሊ ሊትር ይቀዳል? መልሱ 0.375 ሚሊ ሊትር ነው። ከ38 ተማሪዎች በትክክል የመለሱት 14 ሲሆኑ፣ 6 ተማሪዎች ነጥቡን አንድ ቤት አዛውረው 3.75 ብለዋል፤ የቀሩት ወይ ባዶ ወረቀት መልሰዋል፣ ወይ 15 ሚሊ ግራም ላይ ደርሰው እዚያው ቆመዋል።

ወረቀቶቹን ይዤ ቢሮዬ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። እነዚያ ስድስቱ ማባዛትና ማካፈል አቅቷቸው አይደለም። 3.75 ሚሊ ሊትር ለመቅዳት ሁለት አምፑል መስበር ግድ ይላል፤ ሁለተኛ አምፑል ለሦስት ኪሎ ሕፃን ለመስበር የተዘረጋ እጅ ደግሞ ስሌቱን መልሶ ሳያይ በፊት ሊደነግጥ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ጆሮንና ኩላሊትን የሚጎዳ መድኃኒት ዐሥር እጥፍ ሊሰጥ ነው። ተማሪዎቼ ግን አምፑሉን ይዘውት ስለማያውቁ የሚያስደነግጣቸው ነገር አልነበረም። 80 በ2 ለእነርሱ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው።

እኔም እስከ ዛሬ ያስተማርኩት እንደተማርኩት ነው። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ስላይድ የመድኃኒቱን ምድብ፣ አሠራሩን፣ የጎንዮሽ ጉዳቱንና የማይሰጥባቸውን ሁኔታዎች በተራ እዘረዝራለሁ፤ እነርሱም ይሸመድዳሉ፤ ፈተና ላይም ይመልሳሉ። ይህ መንገድ ፈተና አሳልፏል፤ እጅን ግን አላሠለጠነም። ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ከሌላው ጫፍ ልጀምር ወስኛለሁ። ተማሪው ብልቃጡን በእጁ ይዞ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ በዚህ ውስጥ ስንት አለ? ለዚህ ሰው ስንት ይገባዋል? ከሰጠሁት በኋላ ምን አያለሁ? ምድቡና አሠራሩ የሚመጣው ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ስንቸገር ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የመጀመሪያው ሥራ የሚያዝ ነገር ማግኘት ሆነ። ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶችን ለትምህርት እንዲሰጡኝ ተማሪዎቻችን የሚለማመዱበትን ሆስፒታል የፋርማሲ ኃላፊ ጠይቄ ነበር፤ በትሕትና፣ ግን በማያሻማ ቃል ከለከሉኝ። ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ተመዝግቦና በኮሚቴ ታይቶ የሚወገድ እንጂ ለማንም የሚታደል አይደለም። ልክ ናቸው፤ እኔም በእርሳቸው ቦታ ብሆን የምመልሰው ይህንኑ ነው።

በዋርድ ኃላፊዎች ፈቃድ የወሰድኩት ባዶ ብልቃጦችን ብቻ ነው። ደም ያልነካቸውን መርጠን፣ በበረኪና ዘፍዝፈን፣ አጥበንና ቀቅለን አደረቅናቸው። የተሰበረ አምፑል ተማሪ ስለሚቆርጥ አንዱንም አላነሳንም፤ በምትኩ የመርፌ ውሃ የያዙ ባለ 2 ሚሊ ሊትር የመስታወት አምፑሎች ተገዝተው የጄንታማይሲን ምልክት ተለጠፈባቸው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የስኪል ላቡ (የተግባር መለማመጃ ክፍሉ) ባለሙያ ከአሮጌ መሳቢያ 41 ጎጆ ያለው ሣጥን ሠሩልኝ። ሴፍትሪያክሰን፣ አርቴሱኔት፣ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ኢንሱሊን፣ ኦክሲቶሲን፣ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሌሎችም በየጎጇቸው ገቡ። በሁሉም ላይ «ለትምህርት ብቻ» የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

መጠን የሚለውን ነገር በኮሶ ጀመርኩ። ኮሶን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ትሉ ራሱ በመድኃኒቱ ስም የኮሶ ትል እስከመባል ደርሷል። አንዲት ተማሪ አያቷ ኮሶ ሲያጠጡ ለጎልማሳው፣ ለአቅመ ደካማውና ለልጁ እኩል እንደማይሰፍሩ፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ እንደማይሰጡ ተናገረች። ሴት አያቷ ስንት ይሰጣል፣ ለማን ይሰጣል፣ ለማንስ ይከለከላል የሚለውን ያውቃሉ ማለት ነው። ኮሶ ከልክ ሲያልፍ ዓይን እስከማጥፋት መድረሱ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ዛሬ ለዚሁ ትል የምንሰጠው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በሚሊ ግራም የተለካ ነው፤ የሚሰጠው ሰው ግን የአያቲቱን ጥያቄ መጠየቁ አይቀርለትም።

ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ብረት ላይ አንድ ሊትር የጨው ውሃ ሰቅለን ጠብታ ቆጠርን። በተጠቀምንበት የፈሳሽ መስጫ ቱቦ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይወርዳል። ስሌቱን ሁሉም አገኙት። የቱቦውን መዘውር አስተካክሎ ጠብታውን 42 ላይ ለማቆም ግን የመጀመሪያው ቡድን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ ካቆሙት በኋላም ከረጢቱን ዝቅ ሳደርገው ቁጥሩ ወረደ። «ቲቸር፣ ሕመምተኛው ሲነሳና ሲተኛ ይቀየራል ማለት ነው?» አለ አንደኛው። አዎ፣ ለዚህ ነው ተመልሶ መቁጠር የሚያስፈልገው።

በዚሁ ሳለን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ተማሪዎቹ ራሳቸው የተሰቀለውን ሁሉ «ግሉኮስ» ይሉታል። ሕዝባችን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽን ሁሉ ግሉኮስ ይላል፤ ይህን ከአስታማሚ አፍ መስማት የተለመደ ነው። ነርስ ከነርስ ሥራ ስትረከብ ግን ግሉኮስ ማለት ግሉኮስ ብቻ መሆን አለበት። ከዛሬ ጀምሮ በክፍላችን የፈሳሹ ስምና መጠኑ ሳይጠራ ከረጢት አይነሳም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ጄንታማይሲኑን መልሰን በእጅ ሠራነው። 0.375 ሚሊ ሊትር በባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ የት እንደሚውል እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ በሁለት መስመሮች መካከል መሆኑን አዩና ተጨነቁ። መጨነቃቸው ትክክል ነው፤ ለጨቅላ ሕፃን በግምት አይቀዳም። መውጫው ማቅጠን ነው። በ2 ሚሊ ሊትሩ አምፑል ላይ 6 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ሲጨመር 80 ሚሊ ግራሙ በ8 ሚሊ ሊትር ውስጥ ይሆናል፤ አንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ለሕፃኑ የሚገባው 15 ሚሊ ግራምም 1.5 ሚሊ ሊትር ሆኖ መስመሩ ላይ ያርፋል። 1.5ን በባለ 2 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀዱት። ያን ቀን 3.75 ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ሁለተኛ አምፑል የጠየቀ አልነበረም።

አንዱ ቡድን የኢንሱሊን ሲሪንጅ አንስቶ «37 ተኩል ላይ እንቅዳው» አለ። በባለ 100 ዩኒት (ኢንሱሊን የሚለካበት አሃድ ነው) ሲሪንጅ ላይ አካሄዱ በስሌት ልክ ቢሆንም ከለከልኳቸው፤ የኢንሱሊን ሲሪንጅ ለኢንሱሊን ብቻ ነው። ዩኒትን ሚሊ ሊትር አድርጎ ማንበብ የለመደ ዓይን አንድ ቀን ሚሊ ሊትርን ዩኒት ያደርጋል።

የሚበጠበጥ ዱቄት ላይ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። 1 ግራም ሴፍትሪያክሰን ላይ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨመር የሚቀዳው 10 ሚሊ ሊትር ብቻ አይሆንም፤ ዱቄቱም ቦታ ስላለው ትንሽ ያልፋል። ለዐዋቂ ሙሉውን ስለምንሰጠው ይህ ጉዳት የለውም፤ ለሕፃን ከፊሉን ስንሰጥ ግን የአምራቹን የአበጣበጥ መመሪያ ማንበብ ይገባል። ልዩነቱን በዓይናቸው እንዲያዩ በባዶ ብልቃጥ ውስጥ የገበታ ጨው አድርጌ አስበጠበጥኳቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬ ስለ ሰዓት ብቻ አስተማርኩ፤ በትምህርቱ መርሐ ግብር ውስጥ የለም፤ እኔ ግን ከማንኛውም ምዕራፍ አላሳንሰውም።

የመድኃኒት መስጫ ቅጻችን በእንግሊዝኛ ይሞላል፤ የምንኖረው ደግሞ በኢትዮጵያ ሰዓት ነው። ሁላችንም የግድግዳውን ሰዓት እያየን በልባችን ስድስት ስንቀንስ ወይም ስንጨምር እንውላለን። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በሁለቱም አቆጣጠር 12፣ 6፣ 12፣ 6 ስለሚሆን አያሳስትም። አደጋው ያለው በቀን አንዴና ሁለቴ በሚሰጠው ላይ ነው። ቅጹ ላይ «8:00» ተብሎ ሲጻፍ አንዱ ነርስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ከቀኑ 8 ሰዓት ይለዋል፤ በመካከላቸው ስድስት ሰዓት አለ።

ይህን የማውቀው በራሴ እጅ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በሕፃናት ዋርድ የከሰዓት ተረኛ ሆኜ፣ በቀን አንዴ የታዘዘ ጄንታማይሲን «8:00» የሚል ተጽፎበት አገኘሁ። የጠዋቷ ነርስ ፊርማ በስህተት በሚቀጥለው ቀን ዓምድ ላይ አርፎ ስለነበር መድኃኒቱ ያልተሰጠ መሰለኝ። ቀድቼ አልጋው አጠገብ ስደርስ እናቲቱ ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ «ሲስተር፣ ጠዋት ተወግቷል እኮ» አለችኝ። ያን ቀን ልጁን ከእጥፍ መድኃኒት ያዳነችው እናቱ ናት። ቅጹን መልሼ ሳይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለተማሪዎቹ ሁለት ነገር አዘዝኩ። ሰዓት ሲጻፍ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» የሚለው አብሮ ይጻፋል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍም የዋርዱ ነርሶች ተስማምተው በቅጹ ራስ ላይ ያሰፍሩታል። ሁለተኛው፣ መርፌ ከመውጋት በፊት አስታማሚን «ዛሬ ተሰጥቶታል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን መጠየቅ ሥራን እንዳለማወቅ የሚቆጥር ተማሪ አለ። አይደለም፤ ከአልጋው አጠገብ ሌሊቱን ያደረችው እርሷ ናት።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

የነቢያት ጾም ትናንት ስለ ገባ የስኳር ሕመም ኪኒኖችን ወደ ዛሬ አመጣኋቸው። አንዲትን ተማሪ እንደ አዛውንት ነጠላ አልብሼ አስቀመጥኳት፤ ሌላዋ ነርስ ሆነች።

«እማማ፣ ኪኒኑን መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ጠዋት ነዋ ልጄ፣ እንዳላችሁኝ። እህል ግን እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም፤ ጾም ነው።»

ነርሷ «ጥሩ ነው እማማ፣ መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ» ብላ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች። ክፍሉም ምንም አላለም። አስቆምኳቸውና ብልቃጡ የት አለ አልኩ፤ ዛሬ ብልቃጥ ሳይሆን የኪኒን ወረቀት ነበር። አንደኛው ግሊቤንክላማይድ ነው፤ ፓንክሪያስን (ከጨጓራ ጀርባ ያለውን ዕጢ፤ ስያሜው በአማርኛ ገና ስላልረጋ በክፍል ውስጥ ፓንክሪያስ እንላለን) ኢንሱሊን እንዲያፈስ ያስገድዳል፤ ምግብ መጣ አልመጣ አይጠይቅም። ጠዋት ተውጦ እስከ 9 ሰዓት ካልተበላ ስኳር ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም ራስን መሳት ይመጣል። ሁለተኛው ሜትፎርሚን ነው፤ ፓንክሪያስን አያስገድድም፤ ዋና ሥራው ጉበት ስኳር እንዳያመርት መቀነስ ስለሆነ ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ሁለቱም «የስኳር ኪኒን» ይባላሉ፤ በጾም ቀን ግን ልዩነታቸው የሕይወትና የሞት ሊሆን ይችላል። አሠራርን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ በር አላገኘሁም፤ ዛሬ ስላይድ ሳልከፍት ሁሉም «ለምን?» እያሉ ጠየቁኝ።

ሙስሊም ተማሪዎች በረመዳን በቤታቸው ያዩትን ጨመሩ። ነርሷ ጹሙ ወይም አትጹሙ ለማለት ሥልጣን የላትም፤ ግን ጾም ከመግባቱ በፊት መጠየቅ፣ መድኃኒቱ በሐኪም እንዲስተካከል ማድረግ፣ ታካሚዋም ከነፍስ አባቷ ወይም ከኢማሟ ጋር እንድትመክር መንገር ትችላለች። እማማን ድጋሚ ስታነጋግራቸው ይህን ሁሉ አለች፤ የስኳር መውረድ ምልክት ሲሰማቸው ጾሙን ትተው ወዲያው ጣፋጭ ነገር እንዲቀምሱ መንገርንም አልረሳችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

የማግኒዚየም ሰልፌት ቀን። የሴሚስተሩ ዋና ቀን እንዲሆን ከመጀመሪያውም አስቤው ነበር፤ በማዋለጃ ክፍል ነርስና አዋላጅ በእጃቸው ከሚይዙት መድኃኒቶች ሁሉ ይህን ያህል የሚያድንና ይህን ያህል የሚፈራ የለም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ከ10 ሺሕ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የማግፓይ ጥናት መድኃኒቱ ፕሪኢክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ያለባቸው እናቶች ወደ መንቀጥቀጥ እንዳይደርሱ አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሆኖም ትንፋሽ ያቆማል እየተባለ ስለሚወራበት ዘግይቶ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ፍርሃትም እንደ ግዴለሽነት ይገድላል ብዬ ጀመርኩ።

ብልቃጡ 50 በመቶ ይላል። «ቲቸር፣ ግማሹ ውሃ ነው ማለት ነው?» ተባልኩ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ማለት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሚሊ ሊትር ግማሽ ግራም ይይዛል። በደም ሥር የሚሰጠው የመነሻ መጠን 4 ግራም ስለሆነ 8 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ ይህ ግን 50 በመቶ እንደሆነ በደም ሥር አይገባም፤ 12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ተጨምሮበት 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 20 በመቶ ይሆናል። ከዚያም 10 ግራሙ በጡንቻ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር፣ 1 ሚሊ ሊትር የ2 በመቶ ሊዶካይን (ማደንዘዣ) ተጨምሮበት በጥልቀት ይወጋል። የመነሻው ድምር 14 ግራም ነው። ተማሪዎቹ 11 ሚሊ ሊትር የያዘውን ሲሪንጅ ሲያነሱ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ለአንድ መቀመጫ ይህን ያህል ፈሳሽ እንደሚወጋ በስላይድ አልታያቸውም ነበር።

20 ሚሊ ሊትሩ ቢያንስ በ5 ደቂቃ እንዲገባ ታዟል። በፕላስቲኩ ክንድ ላይ ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) አስገብቼ፣ ሰዓት ሳላሳያቸው «5 ደቂቃ ይበቃል ስትሉ ጨርሱ» አልኳቸው። የመጀመሪያዋ ተማሪ በ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጨረሰች። ሁለተኛው በ1 ደቂቃ ከ40። ከሞከሩት ስምንት ተማሪዎች ማንም 3 ደቂቃ አልደረሰም። ከዚያ ሰዓቱን ፊታቸው አስቀምጬ አስደገምኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አውራ ጣት ሲሪንጁ ላይ ተጭኖ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ በየደቂቃው 4 ሚሊ ሊትር ብቻ ይወርዳል። አንዷ ስትጨርስ ክንዷን እያሻሸች «አምስት ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል?» አለች። በ5 ደቂቃ መስጠት ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ የሚረሱ አይመስለኝም።

የማስቀጠያው መጠን በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም በተለዋጭ መቀመጫ ነው፤ ከመጨረሻው መንቀጥቀጥ ወይም ከወሊድ በኋላ፣ ዘግይቶ ከሆነው ጀምሮ ለ24 ሰዓት ይቀጥላል። ከእያንዳንዱ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 አያንስም፤ የጉልበት ሪፍሌክስ (ከጉልበት በታች ሲመታ እግር በራሱ መነሳቱ) አለ፤ ሽንት ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አያንስም። ሽንት ለምን? ማግኒዚየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ሽንት ከቀነሰ መድኃኒቱ መውጫ አጥቶ ይከማቻል። መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣበትን መንገድ ዘንድሮ ያስተማርኩት በሻይ ባቀላሁት ውሃ በሞላ የሽንት ከረጢት ነው፤ አንደኛው ቡድን 150 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው 90 አገኘ፤ ሁለተኛው ቡድን የሚቀጥለውን መርፌ ከልክሎ ሐኪም ጠራ። በደም ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ከልክ ሲያልፍ ቀድሞ የሚጠፋው የጉልበት ሪፍሌክስ ነው፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ይዳከማል፤ በመጨረሻ ልብ ይቆማል። ስለዚህ ጉልበት ቀድሞ ይናገራል። ማርከሻው 10 ሚሊ ሊትር የ10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ በዝግታ በደም ሥር፣ ከአልጋው አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ ቁምሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አይደለም።

ለሦስቱ ጥያቄዎቼ ዛሬ አራተኛ ተጨመረላቸው፤ ያወጣችው ተማሪ ናት፦ ምን ካየሁ አልሰጥም? ከመጀመሪያው ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። ያለፉትን መድኃኒቶች ሁሉ በዚሁ ጥያቄ መልሰን ልናያቸው ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ከባድ ቀን ነበር። በዋርድ ተማሪዎቹን የምትከታተል ባልደረባዬ ከአንዱ ተማሪ የነጭ ጋዋን ኪስ ውስጥ ከሣጥኔ የወጣ የሴፍትሪያክሰን ብልቃጥ አገኘች። በውስጡ የነበረው የገበታ ጨው ነው። «ለትምህርት ብቻ» የሚለው ወረቀት በእርጥበት ተላቅቆ ወድቋል። ተማሪው ቤቱ ሊለማመድበት ወስዶት ረስቶት ነበር። ብልቃጡ የታካሚ አልጋ አጠገብ አልደረሰም፤ የመድኃኒት ጋሪው ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ግን ከእውነተኛው የሚለየው ነገር አልነበረውም።

ተማሪውን አልቀጣሁትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ወረቀት በሙጫ ለጥፌ ሣጥኑን ያለ መዝገብ ክፍት ትቼአለሁ። ይህ የማይሆን ነገር አይደለም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ለሥልጠና ተብሎ የተሠራ፣ ንጽሕናው ያልተጠበቀ የጨው ውሃ በየክሊኒኩ ከእውነተኛው ጋር ተቀላቅሎ ከ40 ለሚበልጡ ታካሚዎች ተሰጥቶ ብዙዎቹ ታመዋል።

ሣጥኑን ለአንድ ሳምንት ዘጋሁት። ጋሼ በእያንዳንዱ ብልቃጥ ወገብ ላይ የማይለቅ ቀይ ቀለም ቀብተው ቁጥር ጻፉበት፤ ቁልፍ ተሠራለት፤ በመዝገብ ይወጣል፣ በመዝገብ ይገባል፤ ቆጠራው ካልሞላ ማንም ከክፍሉ አይወጣም። ጨውም ከአሁን በኋላ በብልቃጥ ውስጥ አይቀመጥም፤ በክፍለ ጊዜው ይገባል፣ በክፍለ ጊዜው ይታጠባል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ኢንሱሊንና ፖታሲየም። በኢንሱሊን ላይ አንድ የእጅ ጽሑፍ አሳየኋቸው፤ «10» ከሚለው ቀጥሎ ዩኒት ለማለት የተጻፈችው የእንግሊዝኛ ፊደል አፏ ገጥሞ ዜሮ መስላለች። ከ38ቱ ብዙዎቹ 100 ብለው አነበቡ። ዩኒት በሙሉ ቃል ይጻፍ ከማለት በላይ ማብራራት አላስፈለገኝም። ፈጥኖ የሚሠራውንና ቀስ ብሎ የሚሠራውን ሁለቱን ኢንሱሊን በአንድ ሲሪንጅ ሲቀዱ መጀመሪያ ጥርት ያለው፣ ቀጥሎ ደመናማው ይቀዳል፤ ይህ ጥርት ያለው ብልቃጥ በደመናማው እንዳይበከል ነው።

ለፖታሲየም ክሎራይድ የተለየ ነገር አላደረግኩም፤ ከመርፌ ውሃ አምፑል አጠገብ አስቀምጬ መብራቱን ቀነስኩ። ሁለቱም ፕላስቲክ፣ ሁለቱም 10 ሚሊ ሊትር፣ ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። ባለ 15 በመቶው አምፑል 20 ሚሊ ሞል ገደማ ይይዛል፤ ሳይቀጥን በደም ሥር ከተገፋ ልብን ያቆማል። ሦስት ተማሪዎች በደብዛዛው ብርሃን የተሳሳተውን አነሱ። የተሳሳቱት ሲያለቅሱ ማየት አልፈለግኩም ነበር፤ አንዷ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀምጬ ምልክቱን ሦስት ጊዜ፣ ሲነሳ፣ ሲቀዳና ሲመለስ፣ ድምፅ አውጥታ እንድታነብ አለማመድኳት።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

የመጀመሪያው ቡድን ማዋለጃ ክፍል ገባ። አንዲት እናት የማስቀጠያው ማግኒዚየም ሰዓቷ ደርሶ ነበር። ተማሪዋ ሪፍሌክስ ለማየት መዶሻ ስታጣ በእጇ ጠርዝ ከጉልበቱ በታች መታ አደረገች፤ እግሯ ተነሣ። ትንፋሽ 18። የሽንት ከረጢቱን ጎንበስ ብላ ስታነብ 100 ሚሊ ሊትር አገኘች፤ አራት ሰዓት ሆኖታል። «ቲቸር፣ 120 አልሞላም፤ ልጠብቅ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ራሷ ወደ ተረኛው ሐኪም ሄደች። ሐኪሙ መጥቶ ቱቦው መታጠፉን አየ፤ ሲቃና 60 ሚሊ ሊትር ወረደ፤ መርፌውም ተሰጠ። ቱቦውን ማየትን እኔ አላስተማርኳትም ነበር፤ በሚቀጥለው ቡድን የማሳያ ከረጢት ላይ ቱቦውን አጥፌ አስቀምጣለሁ።

ኦክሲቶሲኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚጠብቅ ማቀዝቀዣ ፈንታ በመደርደሪያ ላይ እንደነበረም ተማሪዎቹ አይተው ነገሩኝ። ለክፍሉ ኃላፊ ተናግሬ በዚያው ሰዓት ገብቷል።

ረቡዕ፣ ጥር 14

የተግባር ፈተና። ስድስት ጠረጴዛ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የሕመምተኛ ቅጽ፣ አንድ ትእዛዝና ከሣጥኑ የወጡ ብልቃጦች። በአርቴሱኔቱ (በወባ መድኃኒቱ) ጠረጴዛ ላይ ለ15 ኪሎ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 45 ሚሊ ግራም ማስላት ነበረባቸው፤ ከ20 ኪሎ በታች ለሆኑ ልጆች በኪሎ ከዐዋቂው 2.4 የሚበልጥ መሆኑን አብዛኞቹ አልዘነጉም። በብልቃጡ ያለው 60 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ቢካርቦኔት ተሟሙቶ 5 ሚሊ ሊትር ሲጨመርበት አንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ የሚሰጠውም 4.5 ሚሊ ሊትር ነው።

የጄንታማይሲኑ ጠረጴዛ ላይ የጥቅምቱን ጥያቄ ቁጥሩን ሳልቀይር አቀረብኩት። 33 ተማሪዎች በትክክል ቀዱ። አንዱ ወረቀቱ ላይ 3.75 ጻፈ፤ የመጀመሪያውን አምፑል ቀድቶ እጁ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ነጥቡን ፈለገ፤ አቃንቶም እንደገና ጀመረ። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። አራቱ ግን አሁንም የሚሊ ግራምና የሚሊ ሊትር ልዩነት አልጠራላቸውም። ከጥምቀት በዓል የተመለሱት ትናንት ማታ ቢሆንም ይህን ምክንያት አላደርገውም፤ ሰኞ ጥር 19 ከሰዓት በኋላ ከአራቱ ጋር ብቻ፣ ከአምፑል ማንሳት ጀምረን እንቀመጣለን፤ እስኪጠራላቸውም ወደ ሕፃናት ዋርድ አይገቡም።

ፈተናው ሲያልቅ ጋሼ መዝገቡን ይዘው መጡና ቆጠርን። ወጪ 41፣ ገቢ 40። ሁላችንም ቆምን። የጠፋው ቁጥር 17፣ የካልሲየም ግሉኮኔቱ ብልቃጥ ነበር። ከማግኒዚየሙ ጠረጴዛ በአሻንጉሊቷ ትራስ ሥር ተገኘ፤ አንዷ ተማሪ ማርከሻው ከአልጋው አጠገብ ይሁን ስላልኩ እዚያ አኑራው ሄዳለች። ቁጥሩን ጽፌ ሣጥኑን ቆለፍኩ።